ለመምህሯ ደሞዝ የጻፍኩት ፕሮፖዛል

በጠገበ ሆዱ ስለ ድህነት የሚያስተምር ሰው ያህል የምንቀው የለም። ይህን የምለው ዳር ቆሜ አይደለም። ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ለትንንሽ ማኅበራት የእርዳታ ገንዘብ አፈላላጊ ሆኜ ጥቂት ዓመታት አሳልፌያለሁ። አሰልጣኞቹን፣ ለጋሾቹን፣ በየካፌው ላፕቶፕ ዘርግተው ማመልከቻ የሚጽፉትን፣ ሁሉንም በቅርብ አውቃቸዋለሁ። ራሴን ለመጨረሻ አቆየዋለሁ፤ እኔም የምቀር አይደለሁም።

የዕድሜ ልክ ሥራዬ እንግሊዝኛ ማስተማር ነበር። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ሰው ወረቀት እየያዘ ቤቴ መምጣት ጀመረ። በእኛ ከተማ እንግሊዝኛ ያውቃል የተባለ ሰው እንደ ሐኪም ነው፤ የጨነቀው ሁሉ ደጁን ይጠናዋል። አንዱ የመድኃኒት መመሪያ አንብብልኝ ይላል፤ ሌላው ከውጭ የመጣለትን ደብዳቤ ያመጣል። እንዲህ እያለ በአንድ የታኅሣሥ ጠዋት አንድ ሽማግሌና አንዲት ወጣት ሴት በሬን አንኳኩ።

ሽማግሌው የአንድ የሸኮ መንደር የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ ነበሩ። መንደሩ ከሚዛን ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ከሚኒባስ ተወርዶ፣ በቡናው ጥላ ሥር አንድ ሰዓት ያህል ቁልቁል በእግር ያስኬዳል። የመንግሥት ትምህርት ቤቱ ያለው ከወንዝ ማዶ ነው። ዝናብ ሲበረታ ወንዙ ስለሚሞላ ትንንሽ ልጆች አይሻገሩትም፤ በዚያ አገር ደግሞ ዝናብ የማይበረታበት ወር ጥቂት ነው። ስለዚህ ወላጆቹ ተመካክረው በአንድ አሮጌ የቡና መጋዘን ውስጥ ለትንንሾቹ ክፍል ከፈቱ። ልጆቹ እዚያ ፊደል ቆጥረው፣ ማንበብና መደመር ተምረው፣ ወንዙን ለመሻገር ጉልበት ሲያገኙ ወደ ትልቁ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። ወጣቷ ሴት መምህራቸው ነበረች። አሥረኛ ክፍል ጨርሳለች፤ ዲፕሎማ የላትም።

ደሞዟ ቡና ነበር። በለቀማ ወቅት እያንዳንዱ ቤት ከሰበሰበው እሸት ቡና አንድ ቁና ይሰፍርላታል። እሷ አድርቃ ቴፒ ወስዳ ትሸጥና ዓመቱን በዚያ ትገፋለች። አራት ዓመት እንዲህ አስተምራለች። በዚያን ዓመት ግን ቡናው አልያዘም። የሰጧት ሁሉ አንድ ላይ ተደርጎ ለታመሙት እናቷ መድኃኒት እንኳ አልበቃም።

«ጋሼ» አለችኝ፣ «እስከ መስከረም ደሞዝ ካልተገኘልኝ ቴፒ ሄጄ ቡና እርሻ ላይ በቀን ሥራ እገባለሁ። ልጆቹን ጥዬ መሄድ አልፈልግም። ግን እናቴን ምን ላብላት?»

ሽማግሌው ያመጡልኝን ሙዝ በሩ ሥር አስቀምጠው «እሷ ከሄደች ክፍሉ ተዘጋ ማለት ነው» አሉ። «የእኛን ልጆች ቋንቋ የምታውቅ ሌላ መምህር የለችም። ልጆቹ ሲመጡ ከሸኮኛ በቀር አይሰሙም። በእንግሊዝኛ ሲጻፍላቸው ገንዘብ የሚሰጡ ሰዎች አሉ ሲባል ሰምተን ነው የመጣነው።»

«አሉ» አልኩ አፌን ሞልቼ። «ለእኔ ተዉት።»

እንዲህ ያለ ትልቅ አፍ ነበረኝ።

በዚያው ሰሞን አንድ ድርጅት በከተማችን ሆቴል አዳራሽ «ሀብት ማፈላለግ» የሚል የአምስት ቀን ስልጠና አዘጋጅቶ ነበር። ሳልጠራ ገባሁ። ከተጠሩት ግማሾቹ ስለማይመጡ ወንበር አይጠፋም። የመጡትም ጠዋት ፈርመው፣ ደብተርና እስክሪብቶ ተቀብለው፣ የሻይ ሰዓት እስኪደርስ ስልካቸውን ሲነካኩ የሚውሉ ናቸው። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ በአምስቱ ቀን ውስጥ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ፤ እሱም ውሎ አበሉ ዛሬ ነው ወይስ ነገ የሚከፈለው የሚል ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ በአዳራሹ ከተጠየቁት ጥያቄዎች ሁሉ ቁም ነገር ያለው እሱ ነው።

አሰልጣኙ ከአዲስ አበባ የመጣ ነው። ከመኝታ ክፍሉ እስከ አዳራሹ በበረንዳ ስለሚመላለስ አምስት ቀን ሙሉ ጫማውን የሚዛን ጭቃ አልነካውም። ትልቅ ወረቀት ሰቅሎ ዛፍ ሣለ። ሥሩ የችግሩ መንስኤ፣ ግንዱ ዋናው ችግር፣ ቅርንጫፉ ደግሞ ውጤቱ ነው አለን። ዕድሜውን ጫካ ውስጥ የኖረ ሰው ሰብስቦ ዛፍ ሥርና ቅርንጫፍ እንዳለው ሲያስረዳን ዋለ። ከዚያ በቡድን ተከፋፍለን እኛም ዛፍ ሣልን። የእኛ ቡድን ዛፍ ቆንጆ ስለነበር ተጨበጨበልን።

በሦስተኛው ቀን እጄን አወጣሁ። «ለአንዲት መምህርት ደሞዝ የሚሰጥ ለጋሽ የት ይገኛል?» ብዬ ጠየቅኩ።

ለልጅ እንደሚሣቅ ፈገግ አለልኝ። «አባቴ፣ ለጋሾች ደሞዝ የሚባል ነገር አይወዱም» አለ። «ደሞዝ ዘላቂ አይደለም። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ አብሮ ያልቃል። እርስዎ መጻፍ ያለብዎት ስለ ውጤት ነው፤ ስለ ለውጥ።»

ይህን ሲል እሱ ራሱ በቀን ተከፍሎት ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ቦንጋ፣ ከዚያ ጅማ ሄዶ ያንኑ ዛፍ ይሥላል። እንደ እሱ አበል ዘላቂ ነገር እኔ አላየሁም። ያም ሆኖ የተናገረውን ደብተሬ ላይ ጻፍኩ፤ ከንቀቴ ጋር ጻፍኩት እንጂ አልተውኩትም።

የመጀመሪያውን ማመልከቻ የጻፍኩት ግን በራሴ መንገድ ነው። እውነቱን ጻፍኩ። ወላጆቹ ከቡናቸው እየቀነሱ መምህር መቅጠራቸውን፣ አግዳሚ ወንበሩን ከጫካ እንጨት ጠርበው ራሳቸው መሥራታቸውን፣ መምህሯ ልጆቹን በራሳቸው ቋንቋ እያስረዳች አማርኛ እንደምታስነብባቸው ጻፍኩ። እንዴት ያለች ጎበዝ መምህርት እንደሆነች ከሽማግሌው አፍ የሰማሁትን አሳምሬ አስቀመጥኩ። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ እሱም ደሞዟ ነው አልኩ። ጨርሼ ለአንድ ለጋሽ ስልከው ኮራሁ። እንደዚህ ያለ ሕዝብ አይቶ እጁን የሚሰበስብ ለጋሽ ይኖራል ብዬ አላሰብኩም።

በየካቲት መልስ መጣ። ሁለት ሰዎች ቦታውን ለማየት ሐሙስ ቀን ይመጣሉ ተባልኩ። ወዲያው ለሽማግሌው ደወልኩና «ሐሙስ እንግዶች ይመጣሉ፤ ክፍሉን ሊያዩ ነው» አልኳቸው። ሌላ ምንም አልጨመርኩም። ምን የሚጨመር ነገር አለ ብዬ።

ሐሙስ ዕለት ከእንግዶቹ ጋር በነጭ መኪናቸው ሄድን። አንዱ ጎልማሳ ወንድ ነው፤ ሌላዋ ወጣት ሴት ነች፤ ሁለቱም የአዲስ አበባ ሰዎች ናቸው። መኪናው የማይገባበት ስንደርስ ወርደን ቁልቁለቱን በእግር ያዝን። መጋዘኑ ጋ ስንደርስ ቤቱ ጠፋኝ። ግድግዳው ከፊት ለፊት በነጭ አፈር ተቀብቶ ያበራል። ወለሉ በእበት ተለቅልቆ ደርቋል። የጠረቧቸው ወንበሮች የሉም፤ በቦታቸው ከጸሎት ቤት የተዋሷቸው መደገፊያ ያላቸው ወንበሮች ተደርድረዋል። ልጆቹ የበዓል ልብሳቸውን ለብሰዋል፤ የሌላቸው ከጎረቤት ተውሰው ነው፣ የአንዷ ቀሚስ መሬት ይጠርጋል። ሁሉም ጫማ አድርገዋል። መምህሯ ፀጉሯን ተሠርታለች። በሩ አጠገብ ባለ ጠረጴዛ ላይ ነጭ ማር በሳህን ቀርቧል፤ ከጓሮ የዶሮ ወጥ ይሸታል።

ሦስት ቀን ሙሉ መንደሩ በሙሉ ሥራ ፈትቶ ነው ይህን ያደረገው። ለእንግዳ የሚደረግ ነው። የሸኮ ሰው ቤቱ እንግዳ ሊመጣ ነው ተብሎ ግድግዳው እንደተላጠ ቢጠብቅ አንገቱን ደፍቶ ይኖራል። እኔ ይህን ጠንቅቄ አውቃለሁ፤ ሠላሳ ዓመት አብሬያቸው ኖሬያለሁ። ግን በዚያ በፕሮፖዛል ቋንቋ ጭንቅላቴ ስለታወረ አላሰብኩትም።

ጎልማሳው እንግዳ ማሩን እየላሰ ዙሪያውን አየ። «ይህን ሁሉ ማን ሠራላችሁ?» ብሎ ጠየቀ።

ሽማግሌው ደረታቸውን ነፋ አድርገው «ማንም። እኛው ነን የሠራነው» አሉ።

ሰውዬው ማስታወሻው ላይ አንድ ነገር ጻፈ። ወንበሩ የውሰት ነው፣ ጫማው የጎረቤት ነው ብዬ ልናገር አፌን ከፈትኩና የሽማግሌውን ፊት አይቼ ምላሴን ነከስኩ። በእንግዳ ፊት እንዲያ ማዋረድ አልቻልኩም። ዶሮውን በሉ፤ ወጣቷ እንግዳ ደግማ ወጥ አስጨመረች። ልጆቹ መዝሙር ዘመሩ። ስንመለስ ሰውዬው መኪናው ውስጥ ጥርሱን እየጎረጎረ «በጣም ደስ የሚል ማኅበረሰብ ነው» አለኝ። «ግን እንደምታየው ክፍተት የለም።»

ክፍተት። የበላው ዶሮ በመምህሯ እናት የመድኃኒት ገንዘብ የተገዛ መሆኑን እሱ ከየት ያውቃል? በኋላ ነው የሰማሁት እኔም፤ ዶሮውን የገዛችው መምህሯ ነች። በሚያዝያ ደብዳቤው መጣ። ማኅበረሰቡ ራሱን ለመቻል ያሳየው ጥረት እጅግ እንዳስደነቃቸው፣ ነገር ግን ያላቸው ገንዘብ ውስን ስለሆነ ይበልጥ ችግር ወዳለበት ቦታ እንደሚያዞሩት፣ በርቱ የሚል ነበር። በምስጋና የታሸገ ስድብ ማለት ይህ ነው።

ደሜ ፈልቶ መንደሩ ድረስ ወረድኩ። «ለምንድን ነው ያሸበረቃችሁት?» አልኳቸው ሽማግሌውን።

«እንግዳ ይመጣል አልከን» አሉኝ።

«ችግራችሁን ሊያዩ ነው የመጡት።»

ግራ ተጋብተው አዩኝ። «ችግራችንንማ አንተ በወረቀት ነግረሃቸዋል። ሰው ችግሩን ነግሮ ሲያበቃ፣ ሊጠይቀው የመጣውን እንግዳ ከነችግሩ ይቀበለዋል እንዴ?»

ለጋሾቹን ግን ያን ጊዜ ከልቤ ናቅኳቸው። በሰው ክብር ላይ ቀይ ምልክት አድርገው የሚያልፉ፣ ቤቱን ያላጸዳውን ብቻ የሚረዱ ሰዎች ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው ብዬ በእግሬ መንገዱን ሁሉ ስራገም ወጣሁ።

ግንቦት ገባ። መስከረም እየቀረበ ነው። መምህሯ አልጨቀጨቀችኝም፤ ሚዛን ገበያ ስትመጣ ብቻ ቤቴ ጎራ ብላ «ጋሼ፣ ደህና ነዎት?» ትለኛለች። ስለ ደሞዙ አታነሣም። ሳታነሣ መሄዷ ከጭቅጭቅ ይበልጥብኝ ነበር።

ከተማው ውስጥ ለዚህም ለዚያም ማመልከቻ እየጻፈ የሚኖር አንድ ሰው አለ። ተማሪዬ ነበር፤ ድርሰት ጻፍ ሲባል ከጎረቤቱ የሚገለብጥ ተማሪ። ዛሬ አንድ ካፌ ጥግ ላይ ቋሚ ጠረጴዛ አለው፤ ማኅበራት ተራ ይዘው ይጠብቁታል። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ በኩል ሳልፍ ፊቴን አዙሬ ነው። በዚያን ቀን ግን የመጀመሪያውን ፕሮፖዛሌን ይዤ ፊቱ ቁጭ አልኩ።

አነበበውና ሣቀ። «መምህር፣ እርስዎ የጻፉት ውዳሴ ነው» አለኝ። «እነሱ የሚፈልጉት ሙሾ ነው። ወላጆቹ ጎበዝ ከሆኑ ገንዘቡ ለምን ያስፈልጋል? መምህሯ ጎበዝ ከሆነች ምን ሊቀይሩ ይመጣሉ?» ከዚያ ከላፕቶፑ ውስጥ ገንዘብ ያስገኘለትን አንድ ማመልከቻ አውጥቶ ሰጠኝ። «የቦታውን ስም ብቻ ይቀይሩ፤ ሌላው ለሁሉም ይሆናል።»

ናቅኩት። ንቄው ወረቀቱን ተቀበልኩ። ቤቴ ገብቼ በሩን ዘጋሁና ጻፍኩ።

ይህን ስናገር አፍራለሁ፤ እንግሊዝኛዬ እንደዚያን ቀን ቀንቶት አያውቅም። የአካባቢው ወላጆች የትምህርትን ጥቅም አያውቁም ብዬ ጻፍኩ። ልጆቹ በባዶ መሬት ላይ ተቀምጠው ይማራሉ አልኩ። ልጆቹን የምታስተምረው ምንም ሙያዊ ስልጠና የሌላት ግለሰብ ስትሆን፣ የብቃቷ ማነስ በልጆቹ የወደፊት ሕይወት ላይ ከባድ ጉዳት እያደረሰ ነው አልኩ። «ደሞዝ» የሚለውን ቃል አንድም ቦታ አላስገባሁም፤ አሰልጣኙ ለጋሽ አይወደውም ብሎኛል። በምትኩ የፕሮጀክቱ የመጀመሪያ ውጤት «ለልጆቹ ብቁ መምህር ማቅረብ» ይሆናል አልኩና የሁለት ዓመት ክፍያ በዚያ ሥር አስገባሁ። ለእኔ ያ የእሷ ደሞዝ ነበር። ስሙን ነው የቀየርኩት። ብልጠት መሰለኝ። ወላጆቹ እንግሊዝኛ አያነቡም፤ ገንዘቡ ይምጣ እንጂ ወረቀቱ ላይ ምን እንደተባለ ማን ያየዋል ብዬ ነበር።

ለሌላ ለጋሽ ላክኩት፤ ይህኛው ለጉብኝት አይመጣም፤ ፎቶ ላኩ ብቻ አለ። ስልኬን ይዤ ወረድኩ። በዚህኛው ጊዜ ማንም ነገር እንዳያዘጋጅ ሳልናገር ድንገት ነው የደረስኩባቸው። አግዳሚ ወንበሮቹን ወደ ውጭ አስወጣሁ። ልጆቹን ነጩ አፈር ባልነካው በኋላው ግድግዳ በኩል መሬት ላይ አስቀመጥኳቸው። አሁንም አልረካሁም፤ «ጫማ ያላቸው ያውልቁ» አልኩ።

መምህሯ በሩ ላይ ቆማ ስታየኝ ነበር። «ጋሼ፣ ለምንድን ነው?»

«ለደሞዝሽ ነው» አልኳት።

ተንበርክካ የትንንሾቹን ጫማ ራሷ ማውለቅ ጀመረች፤ በሸኮኛ የሆነ ነገር እያለች ታሥቃቸዋለች፣ ጨዋታ እንዲመስላቸው። እኔ ፎቶ አነሣሁ። አንዱን ልጅ «አትሣቅ» ብዬ ተቆጣሁት።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ገንዘቡ ተፈቀደ። ስልኩ ሲደወልልኝ ሜዳ ላይ ነበርኩ፤ ጎረቤት ሁሉ እስኪሰማኝ ጮኼ ነው የተናገርኩት። ሽማግሌው ዜናውን ሲሰሙ ረጅም ምርቃት መረቁኝ። መምህሯ ስልኩን ተቀብላ «እግዚአብሔር ይስጥልን» አለች። ያን ሳምንት ሚዛን ውስጥ እንደኔ ቀና ብሎ የሄደ ሰው የለም። ካፌው ጥግ የተቀመጠውን ተማሪዬን እንኳ ሰላም አልኩት።

በመስከረም ሁለተኛ ሳምንት ለጋሹ ገንዘቡን እንዲያስተዳድርለት የወከለው ቢሮ የፕሮጀክት አስተባባሪ ቤቴ መጣ። ጨዋ ወጣት ነው፤ ቆሞ ነው ያናገረኝ። «መምህሩን ቀጥረናል፤ ሰኞ ሥራ ይጀምራል» አለኝ።

«የትኛውን መምህር?»

«ብቁ መምህር ነዋ። ዲፕሎማ ያለው። ከሌላ ዞን ነው የመጣው፤ በማስታወቂያ ተወዳድሮ ነው ያለፈው።»

ተሳስታችኋል፣ መምህርት አለች፣ ገንዘቡ የተጠየቀው ለእሷ ነው፣ አራት ዓመት ያስተማረችው እሷ ነች እያልኩ ተንተባተብኩ። ልጁ በትዕግሥት ሰማኝ። ከዚያ ላፕቶፑን ከፍቶ ወደ እኔ አዞረው።

«መምህር፣ ይህን የጻፉት እርስዎ አይደሉም?»

የራሴ ዓረፍተ ነገር ነበር። ነጠላ ሰረዙ ሳይቀር የእኔ ነው።

ለለጋሹ ደብዳቤ እንዲጻፍ ለመንኩት። እውነትም ጻፈ፤ እሱ አልበደለኝም። መልሱ በሦስተኛው ቀን መጣ፤ አጭር ነበር። በልጆች ላይ ጉዳት እያደረሰች መሆኗ በማመልከቻው ላይ የተገለጸን ግለሰብ በፕሮጀክቱ ገንዘብ መቅጠር አንችልም የሚል ነው። ልሰድባቸው ፈለግኩ። ለወራት ያጠራቀምኩት ስድብ ነበረኝ። ግን በዚያ ደብዳቤ ውስጥ አንድም የእነሱ ቃል የለም፤ የእኔን ነው መልሰው የላኩልኝ። ይህን ሁሉ ጊዜ ስንቃቸው የኖርኩት ሰዎች ስለዚያች ልጅ ክፉ ተናግረው አያውቁም። የተናገርኩት እኔ ነኝ።

ዓርብ ጠዋት ራሴ ልነግራት ወረድኩ። ስደርስ እያስተማረች ነበር። ልጆቹን የሚጽፉት ሰጥታ ወደ ውጭ ወጣችልኝ። ነገሩን እንዴት እንደነገርኳት አላስታውስም፤ አዙሬ አዙሬ ነው የተናገርኩት። ወረቀቱን ይዤው ነበር። «ልየው» አለችኝ።

አሥረኛ ክፍል የተማረችው እንግሊዝኛ አልጠፋባትም። በጣቷ እየተከተለች ቀስ ብላ አነበበች። አንድ ቃል ላይ ቆመችና «ይህ ምን ማለት ነው?» አለችኝ። መዋሸት እችል ነበር፤ በዚያ ወረቀት ላይ ከዚያ በፊት ያላደረግኩት ነገር አልነበረም። ግን ነገርኳት። እንደገና ቀጠለች። ወላጆቹ የትምህርት ጥቅም አያውቁም የሚለው ጋ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

«እነዚህ ናቸው?» አለች፣ በዓይኗ ወደ ቤቶቹ እያመለከተች።

«አዎ።»

«ይህን የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ብትሰድበኝ ደስ ባለኝ። ወረቀቱን በአራት አጥፋ መለሰችልኝ። «እኔስ ይሁን፤ ዲፕሎማ የለኝም፤ እውነት ነው» አለች። «ለእነሱ ግን እንዳያነቡላቸው። ከሌላ ቦታ የተሻለ ሥራ አገኘሁ ብዬ እኔው እነግራቸዋለሁ።»

ትምህርቱ ስላላለቀ ተመልሳ ገባች። እኔም ተከትያት ገብቼ ከኋላ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

ስለ እሷ ማስተማር ሁለት ጊዜ ጽፌያለሁ፤ አንዴ አመስግኜ፣ አንዴ አዋርጄ። ስታስተምር ቁጭ ብዬ አይቻት ግን አላውቅም ነበር። አንዲት ትንሽ ልጅ ሰሌዳው ፊት ቆማ «ዝናብ» የሚለውን ማንበብ አቅቷት አንገቷን ደፍታለች። መምህሯ አልቸኮለችባትም። አጠገቧ ቁጢጥ ብላ በሸኮኛ አንድ ነገር ጠየቀቻት፤ ልጅቷ ወደ ጣሪያው እያየች በሸኮኛ መለሰችላት። ከዚያ መምህሯ የመጀመሪያውን ፊደል በጣቷ ነካችላት፤ ሁለተኛውን ነካችላት፤ ሦስተኛውን ልጅቷ ራሷ ነካች። «ዝ፣ ና፣ ብ» አለች። ደግማ «ዝናብ» አለች፤ ክፍሉ በሙሉ ተከትሏት አለ። በሠላሳ ዓመት የማስተማር ዕድሜዬ ለአንድ ልጅ ያን ያህል ጊዜ ሰጥቼ አላውቅም።

ሰኞ አዲሱ መምህር ሥራ ጀመረ። እሷ በዚያው ጠዋት ወደ ቴፒ በሚሄደው ሚኒባስ ተሳፍራ ሄደች።